የሚያደክመን ሰውየው ነው ወይስ ቀጠሮው?

በአማርኛ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «መርዛማ ሰዎችን ከሕይወትህ አስወጣ» የሚለውን ምክር ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቲክቶክ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሆኖ፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ በሚያሳይ ፎቶ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ጉልበት የሚሰጥህን ያዝ፣ ጉልበትህን የሚመጥህን ቁረጥ፤ አለቀ። ሐሳቡ ጨርሶ ስሕተት አይደለም። ችግሩ ወዳጅን በፈቃድ የሚያዝና በፈቃድ የሚለቀቅ አድርጎ መነሳቱ ነው።

አዲስ አበባ ወይም ደሴ የሚኖር አንድ ሰው «ሳገኛቸው እደክማለሁ» የሚላቸውን ወረቀት ላይ ቢዘረዝር የሚወጡት ስሞች አክስቱ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ቢሮ የምትጋራው ባልደረባው፣ የልጁ ክርስትና አባትና አንድ የልጅነት ጓደኛው ናቸው። ማንን ይቁረጥ? እናቱ ሆስፒታል ቢተኙ ተራ ገብታ የምታድረው ያቺው አክስቱ ናት። ለቅሶ ቢደርስበት ድንኳኑ መተከሉን የሚከታተለው ያው ጸሐፊ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ልጅ አይመጣም።

እንግዲህ ከጥቂቶች በስተቀር መመረጥ ያለበት ቀጠሮው ነው ብለን እንነሳ። ቀጠሮ ስንል የምንገናኝበትን ሰዓት፣ ቦታውን፣ የሚፈጀውን ጊዜና የምናወራውን ነገር ነው። ሰውየው ባይለወጥ እንኳ እነዚህ አራቱ ይለወጣሉ።

መቁረጥ ርካሽ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ግንኙነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር፣ በዓመትም ወደ 871,000 የሚጠጋ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ከዚያ ቀደም፣ በ2010፣ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን በአንድ ላይ ሲመረምሩ ከ308,000 በላይ ሰዎች ውስጥ ጠንከር ያለ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የላቀ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ሰው እየቆረጡ መሄድ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ሒሳቡ ግን የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ብቻ ከመሆን ማንም ይሻላል ማለትም አይደለም። ይህቺው ተመራማሪ ከበርት ኡቺኖ ጋር ሆና በ2003 ባሳተመችው ሥራ ሰዎች የደም ግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ አስረው እንዲውሉ ተደርጎ ነበር። የላይኛው ግፊት ከፍ ብሎ የተገኘው ፍቅርም ንዴትም ከሚቀላቀልባቸው ሰው ጋር ሲሆኑ ነው። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጠላት ቢሆን ይታወቃል፤ ሰው ወይ ተጠንቅቆ ይገባል፣ ወይ አይገባም። ዛሬ እጅ ይዞ የሚያጽናና፣ ነገ ሰው ፊት የሚያሳጣ ወዳጅ ጋ ግን ሰውነት ጥበቃውን አይፈታም። «ጨጓራዬን ላጠው» የምንለው ብዙ ጊዜ ስለ ጠላት አይደለም፤ ስለ ወንድም ነው።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ነገር አብሮ መማረር ነው። አማንዳ ሮዝ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ አንድን ችግር እያገላበጡ ደጋግመው የሚያወሩ ልጆችና ወጣቶች ጓደኝነታቸው የጠበቀ ሆኖ አገኘችው። ጭንቀታቸውና ድብርታቸውም አብሮ ከፍ ያለ ነበር። አሳሳቹ ሁለቱ በአንድነት መምጣታቸው ነው። መቀራረቡ እውነት ነው፤ ከተለያዩ በኋላ የሚከብደው ልብም እውነት ነው።

ይህን በዐይን ለማየት አንድ የሰፈር ቡና ይበቃል። ቡናው ሲቆላ ወሬው ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ልጆች ፈተና ነው። አቦል ሲቀዳ የሰው ደኅንነት ይጠያየቃል፤ የታመመ ይነሳል፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ይወሰናል። ቶናው ላይ አንድ ስም ይነሳል። ጀበናው ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ተጨምሮበት ከሰሉ ላይ ሲመለስ ያ ስም በየወገኑ ተገላብጧል፤ የቤት ኪራዩም፣ የአለቃውም፣ የባልየውም ነገር እንደዚያው። በረካ ቀጭን ቡና ነው፤ ወሬው ግን የሚወፍረው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ ቡና የተመለሰች ሴት «ቀለል አለኝ» ካለች አቦል ላይ ነው የቀለላት፤ «ራሴን አመመኝ» ካለች በረካ ላይ ነው ያመማት። ቤቱም ሰዎቹም ያው ናቸው።

የሰባት ቀን ደብተር

ማን እንደሚያደክመንና ምን እንደሚያበረታን የምናውቅ ይመስለናል። ስንጽፈው ግን ሌላ ይወጣል። በ2004 ዳንኤል ካንማንና ባልደረቦቹ በቴክሳስ 909 ሠራተኛ ሴቶች ትናንት የዋሉትን ክፍል በክፍል እየለዩ በእያንዳንዱ ላይ የተሰማቸውን እንዲመዘግቡ አድርገዋል። ከሥራ በኋላ ከሰው ጋር መጫወትና እራት ከላይ፣ ሥራና የሥራ መንገድ ከታች ሆኑ። ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ለእኛ የሚጠቅመው ዘዴው ነው፤ ቀለል ተደርጎ እንዲህ ይሠራል።

የኪስ ደብተር ይዞ ማታ ማታ 10 ደቂቃ መቀመጥ። ቀኑን ከ8 እስከ 12 ክፍል መክፈል፤ ቁርስ፣ መንገድ፣ የጠዋት ሥራ፣ ምሳ፣ የከሰዓት ቡና እያሉ። ለእያንዳንዱ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲደረግ እንደነበር አንድ መስመር መጻፍ። ከጎኑ ሁለት ቁጥር ይቀመጣል፦ የመጀመሪያው ነገሩ ሲያልቅ የነበረው ስሜት፣ ሁለተኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ የነበረው። መለኪያው ከ−3 እስከ +3 ነው። ገጹ አናት ላይ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኙና ስንት ስኒ ቡና እንደጠጡ ይጻፋል።

ዋናው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የተከፈተ ቲክቶክ ሲዘጋ +1 ሊያሰጥ ይችላል፤ 5 ሰዓት ላይ ዐይን ፈጦ ሲቀር −2 ነው። የእግር ጉዞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲያልቅ ዜሮ፣ ቆይቶ +2። ከመጀመራችን በፊት የሚሰማንማ ከሁሉም ያነሰ እምነት የሚጣልበት ነው። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር በ2014 ባሳተሙት ሙከራ በቺካጎ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ የተደረጉ ተሳፋሪዎች ዝም ብለው እንዲቀመጡ ከተነገራቸው የተሻለ ጉዞ ነበራቸው። ሌሎች ተሳፋሪዎች ምን እንደሚሰማቸው እንዲገምቱ ሲጠየቁ ግን ተቃራኒውን ነበር ያሉት። «አሁን ማን ይሄዳል» የሚለው የአልጋ ላይ ሐሳብ ስለ ቀጠሮው የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው።

ደብተሩ ዋጋ የሚያጣበት መንገድ አለ። ሳምንቱን ሙሉ እሑድ ማታ ቁጭ ብሎ መሙላት አንዱ ነው፤ ያን ጊዜ የሚታወሰው የሳምንቱ ጥል ብቻ ነው። ሌላው «አለማየሁ −2» ብሎ ለሰውየው ቁጥር መስጠት ነው። መስመሩ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቦታውና ስለ ነገሩ ካልሆነ በኋላ የሚቀየር ምንም አይገኝበትም። አንድ ጊዜ በታየ ነገር መፍረድም አይገባም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ መሆን አለበት።

ለማሳያ ያህል የአንድ የባንክ ሠራተኛ ገጽ እናስብ። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ 12 ሰዓት ላይ፣ ቦሌ፣ ከልጅነት ጓደኛ ጋር ማኪያቶ፤ ሲያልቅ 0፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ −2። ኀሙስም ያው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከዚሁ ጓደኛ ጋር አራት ኪሎ ድረስ በእግር፤ ሲያልቅ +1፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ +2። ቪዲዮው «ይህን ጓደኛ ቁረጥ» ይላል። ደብተሩ የሚለው ማክሰኞና ኀሙስ በባዶ ሆድ፣ በድካም፣ የታክሲ ሰልፍ እየጠበቀ፣ ቡና በማታ ተጠጥቶ ነበር ነው። የቅዳሜው ይቆይ፤ የማክሰኞው ይቅር።

ሰውየውን ከመክሰስ በፊት

ገጹ አናት ላይ እንቅልፍና ቡና የሚጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሰው ከሰው ይለያያል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት ሲወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቆርጥ አሳይቷል። ማታ 4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው ይህ ማለት ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። የመጨረሻውን ስኒ 8 ሰዓት ላይ ማቆም ይሻላል። የሰፈሩን ቡና መተው የለበትም፤ ወደ ጠዋት ይምጣ። ሰባት ሰዓት ያልተኛ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው ሁሉ ያናድደዋል፤ ደብተሩ ላይ ሰባት ሰው በተከታታይ −2 ካገኘ ጥፋቱ የሰባቱም ሊሆን አይችልም።

ደም ማነስም እንደዚያው ነው። የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ከሰዓት በኋላ የምትፈዝ ሴት «ሰው ሰለቸኝ» ከማለቷ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ሄሞግሎቢን ብትለካ ይሻላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ይጠቅማል። የስኳርና የታይሮይድ ችግርም ድካም ሆነው ነው የሚመጡት።

ቀጠሮውን መቅረጽ

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይመጣል። ሰው «አልችልም» ማለት ስለማይሆንለት «እሺ» ይላል፤ ከዚያ ይቀራል፣ ወይ ሄዶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ልቡ በር ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱም ያደክማሉ። ይሉኝታን ማጥፋት አይቻልም፣ ማጥፋትም አያስፈልግም። የሚቻለው የመሄጃውን ሰዓት መግቢያው ላይ መናገር ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቶናው እየተቀዳ ድንገት የተነሳን ሰው «ምነው፣ ምን አስቀየምንህ?» ይሉታል። ከሁለት ቀን በፊት ደውሎ «እትዬ፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ መጥቼ አቦሉን አብሬዎት ጠጥቼ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እሄዳለሁ» ያለውን ግን ማንም አይቀየመውም፤ ቡናው ራሱ በዚያ ሰዓት ይደርስለታል። ሦስት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መኖር አለበት፦ መምጫው፣ መሄጃውና አብሮ የሚደረገው ነገር። ምክንያት አይጨመርበት። ምክንያት የሰጠ ሰው ምክንያቱን ይከራከሩበታል፤ «ሥራ አለብኝ» ያለ «እሑድ ምን ሥራ አለ?» ይባላል።

አጭርና ተደጋጋሚ ጉብኝት ከረጅምና ከስንት አንዴ ይሻላል። በፋሲካ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ያለፉት ወራት ቅሬታ ሁሉ በአንድ ቀን ይወርድበታል። በወር ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ የሚሄድ ሰው ላይ የሚጠራቀም ነገር የለም። እጅ ሥራ ቢይዝ ደግሞ ወሬው ይቀላል። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የአክስትን ስልክ ማስተካከል፣ የመድኃኒታቸውን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣ ወሬ ጎን ለጎን እየተሄደ ይወጣል፤ መንገዱ ሲያልቅም ወሬው አብሮ ያልቃል። ቤት ውስጥ ይህን ማብቂያ የሚሰጥ ነገር የለም።

ለሚያማርር ጓደኛ አንድ ጥያቄ ብዙ ይሠራል፦ «ላዳምጥህ ወይስ መላ እንፈልግ?» ሰሚ የፈለገ ሰው መላ ሲሰጡት ይናደዳል፤ መላ የፈለገም ራስ መነቅነቅ ብቻ ሲሰጡት እንደዚሁ። አዳምጠኝ ካለ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ ሙሉ ጆሮ መስጠት፤ ስልክ ተገልብጦ ይቀመጥ። ያው ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ባለፈው ካወራን ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ድምፁ የመርማሪ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ነው። ቢሮ ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ለሚነሳ ሐሜት «እሱ ሲኖር እናውራው» የሚለው የቆየ መልስ አሁንም ከሁሉም የተሻለ ነው፤ አንድ ጊዜ በፈገግታ ከተባለ ሁለተኛ ጊዜ ላያስፈልግ ይችላል።

ለቅሶና እድር ላይ ቁጠባ ለመፈለግ መሞከር ግን ስሕተት ነው። ብዙ እድሮች ከቀብር የቀረን አባል ይቀጣሉ፤ ከቅጣቱ ይልቅ ሰው የሚያስታውሰው መቅረቱን ነው። መቀነስ የሚቻለው ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ ነው፤ ቀሪውን ጉልበት ሰው ሲሳሳ፣ ከሰልስት በኋላ ለሚደረግ የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ማስቀመጥ። ለቤተ ዘመዱም የሚጠቅመው ያ ነው።

የቴሌግራምና የዋትስአፕ የቤተሰብ ግሩፖችን ለቅቆ መውጣት የእኛ አገር ሰው የማይረሳው ነገር ነው። መውጣቱ መታወቁ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ማብራሪያ በመስጠት ያልፋል። ድምፁን ማጥፋትና በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ለ20 ደቂቃ ማየት ያንኑ ሥራ ያለ ኩርፊያ ይሠራል። ከመኝታ በፊት ያለው ሰዓት ለዚህ አይሆንም።

ውጭ አገር ላለው ዘመድ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። እዚያ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከፈረቃ ገብቶ የሚደውል ሰው እዚህ የሚያገኘው ንጋት ላይ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ነው። ሁለት የደከሙ ሰዎች ተገናኝተው የሚያወሩት ስለ ኪራይ፣ ስለ ሕክምናና ስለ ብር ይሆናል። የሚረዳው የገንዘቡን ስልክ ከጨዋታው ስልክ መለየት ነው። የብር ነገር በወር አንድ የተወሰነ ቀን ይወራ፤ በሌላው ቀን አይነሳ። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይጣሳል፣ ከዚያ ይለመዳል። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ጋ ደግሞ ምክሩ ወደ አገር ቤት ይዞራል። እሷ የምትመርጠው ሰዓት ላይኖራት ይችላል፤ ስልኩም በአሠሪ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የቤተሰቡ ንግግር ነው። ያገኘችው አሥር ደቂቃ «ላክሽው?» ብሎ ከሚጀምር «በላሽ? ተኛሽ?» ብሎ ቢጀምር ሳምንቷን የምትገፋበት ይሆናል።

ምን እንሥራ?

ድብርትን ለማከም ከሚያገለግሉ የንግግር ሕክምናዎች አንዱ የሚነሳው ከቀላል ሐሳብ ነው፦ ሰው ደስ እስኪለው ከጠበቀ ምንም አይሠራም፣ ምንም ካልሠራ ደግሞ ደስ አይለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው በሰዓት ይቀመጣል፤ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። በ2016 በእንግሊዝ 440 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህ ዘዴ ረጅም ሥልጠና ባልወሰዱ ባለሙያዎች ሲሰጥ እንኳ ከታወቀው ሌላ የንግግር ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የዚምባብዌው ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሀራሬ የጀመረው ሥራ የሰለጠኑ አያቶችን በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ሰው ችግሩን ይናገራል፣ ከችግሮቹ አንዱን ራሱ ይመርጣል፣ የሚሠራውን ትንሽ ነገር ይዞ ይሄዳል። በ2016 የታተመው ውጤት ወንበሩ ላይ የተረዱት ሰዎች ሕመም ከስድስት ወር በኋላ በጉልህ መቀነሱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ በሚገቡበት ቡድን ውስጥ ሴቶቹ እያወሩ ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ። ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ማውራቱን ያስታውሱ።

በተግባር ሦስት ነገር መምረጥ ይበቃል፦ አንድ ለሰውነት፣ አንድ ለእጅ ወይም ለሙያ፣ አንድ ከሰው ጋር የሚደረግ። ለሰውነት የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ታችኛውን ቁጥር ይሞላል። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትር ግድም ናቸው። ለዕረፍት ከዋሽንግተን የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በለመደው ፍጥነት እንጦጦን ልውጣ ካለ የሚያገኘው ራስ ምታት ነው፤ ግማሹን ያድርግ።

የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ነው። የሦስት ወር ጂም ከፍሎ በየቀኑ አንድ ሰዓት የጀመረ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። 10 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ከተለመደ ነገር ቀጥሎ ይሁን፤ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ። በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመር። ክረምት ሲገባ ሁሉም ስለሚቀር ለሰኔና ለሐምሌ የቤት ውስጥ ምትክ በግንቦት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ደረጃ መውጣት፣ ገመድ፣ እስክስታም ቢሆን። በጾም ቀን ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ቀላል እርምጃ እንጂ ሩጫ አይሆንም። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚሮጡትን አይቶ ያልቻለ ሰው ማፈር የለበትም፤ እዚያው ከታች ተራምዶ የሚመለስም ሞልቷል።

ማንን አብዝተን እንፈልግ?

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው መከራ አይደለም። መከራ ሲመጣ የእኛ ሰው ይሰበሰባል፤ በዚያ አንታማም። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ በ2004 እንዳሳዩት ብዙ የሚናገረው ለመልካም ዜና የሚሰጠው ምላሽ ነው። «ሥራ አገኘሁ» ያለች ልጅ አራት ዓይነት መልስ ልትሰማ ትችላለች። «እሰይ! የት? መቼ ትጀምሪያለሽ? ቁጭ በይና ንገሪኝ!» የሚል አለ። «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ የሚመለስ አለ። «ደሞዙ ግን በታክሲ ነው የሚያልቀው» የሚል አለ። «እኔም እኮ ትናንት…» ብሎ ወሬውን የሚነጥቅ አለ። ከተሻለ ግንኙነት ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ +2 እየደጋገመ የሚመጣ ሰው ይህን መልስ የሚሰጥ ሆኖ ቢገኝ አይግረምዎ።

በእኛ ዘንድ ግን ፈተናውን የሚያበላሽ ልማድ አለ። የሰው ዐይን እየተፈራ «ሰው እንዳይሰማ» ተብሎ ደግ ደጉ ይደበቃል፤ የሚወራው ክፉ ክፉው ነው። ቡናው ላይ የሚቀርበው ሁሉ ችግር የሆነው ሰዉ ችግረኛ ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ ደስታ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ነው። ትንሽ ነገር ማውጣት ይቻላል። ልጄ ማንበብ ጀመረች፣ የቧንቧው ነገር ተስተካከለ። ለዚህ ማንም ዐይን አያስገባም።

መቆረጥ ያለባቸው አሉ ብለን ነበር፤ እነሱ ጋ ቀጠሮ መቅረጽ አይሠራም። የሚመታ፣ የሚያስፈራራ፣ ገንዘብና ስልክ የሚቆጣጠር፣ ከቤተሰብ የሚለይ ሰው ጉዳይ የድካም ጉዳይ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ብቻን ከመጋፈጥ በፊት ለአንድ የሚታመን ሰው መናገር፣ መታወቂያና አስፈላጊ ወረቀቶችን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይቀድማል። ደብተሩ ለሁለት ሳምንት ሙሉ ከሁሉም ሰውና ከሁሉም ነገር ጋር −2 ከሆነ፣ ድሮ ደስ የሚለው ሁሉ ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ ደግሞ ይህ የሰው ምርጫ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ድብርት ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ እንደ አማኑኤል ያሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ ሰው ይዞ።

በደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ባዶ ይተው። እዚያ ላይ የሚጻፈው ሌላው ሰው ስለ እኛ ሊሞላው የሚችለው መስመር ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት አወራን፣ ስለ ማን አወራን፣ ስንት ደቂቃ ጠየቅን፣ ስንት ደቂቃ ተናገርን። ካልታወቀ መጠየቅ ይቻላል። «እኔና አንተ ስንገናኝ መቼና የት ቢሆን ነው የሚሻልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሌለ ጓደኛው መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ፣ ብዙውን ጊዜ፣ «ቅዳሜ ጠዋት» ይላል።